ከወለሉ ሥር ያለው ብየዳ

ያገለገለ የፖንቱን ጀልባ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሶፋው ላይ ነው። ተንበርክኮ ከሥር የሚያይ ጥቂት ነው፤ የሠሪው እጅ ያለው ግን እዚያ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ለቤተሰብ መዝናኛ ካየናቸው ሁለት ጀልባዎች አንደኛው ገና አዲስ የሚመስል፣ ነጭ መቀመጫው እድፍ ያልነካው ነበር። ሌላኛው ዕድሜው የገፋ፣ ሸራውን ፀሐይ የበላው። ሁለቱም ተጎታች ላይ ስለነበሩ ከሥራቸው ለመግባት ተመቸን። ዕድሜ ልካቸውን በብየዳ የኖሩት የባለቤቴ አጎት አሮጌው ሥር ገብተው ቆዩ። “ና እስቲ ልጄ፣ እጅህን አምጣ” አሉኝና ጣቴን በብየዳው መስመር ላይ አስኬዱት።

ጀልባውን የሚያንሳፍፉት ቱቦዎች የተሠሩበት አሉሚኒየም በያጅን ይፈትናል። ገጹን የሚሸፍነው ስስ ኦክሳይድ ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ግን 660 ላይ ይቀልጣል። ገጹ በደንብ ካልጸዳ ብየዳው አይዋሃድም። በያጁ ከዘገየ ስሱ ላሜራ ይበሳል፤ ከቸኮለ ደግሞ ላይ ላዩን ተለጥፎ ይቀራል። የአሮጌው ጀልባ የብየዳ መስመር ግን እንደ መሶብ ስፌት ረድፍ በረድፍ፣ እኩል እኩል ተደራርቦ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ይዘልቃል። የት ላይ አቁሞ የት ላይ እንደቀጠለ ብፈልግ አጣሁት።

አጎታችን ቱቦዎቹን በእጃቸው ጀርባ እያንኳኩ ሄዱ። የቱቦው ውስጥ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢበሳ ሌሎቹ አየር እንደያዙ ይቀራሉ። ልጆች ለሚጭን ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ አላውቅም። ባዶ ክፍል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውሃ የገባበት ይታፈናል። በሚኒሶታ ክረምት ደግሞ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ላሜራውን ይወጥረዋል፣ ብየዳውንም ሊቀድደው ይችላል። የአሮጌው ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ።

የፖንቱን ጀልባ የተወለደው እዚሁ ሚኒሶታ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ሪችመንድ አጠገብ የሚኖር አምብሮዝ ዊረስ የተባለ ገበሬ የብረት በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ በሁለት ረድፍ ካሰለፈ በኋላ ከላያቸው የእንጨት ወለል አነጠፈ። ክብደቱ ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች ላይ ስለሚያርፍ ልጆች ወደ አንድ ጎን ሲሮጡ ቶሎ አያጋድልም። (ከፊት በኩል ግን ሁሉም ተሰብስቦ መቆም የለበትም፤ አፍንጫው ውሃ ሥር ሊገባ ይችላል።)

በአዲሱ ጀልባ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ተራርቀዋል፤ ኮምፔንሳቶው የተያዘው በቪቴ ብቻ ነው። ማዕበል ባንቀጠቀጠው ቁጥር ቪቴው ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል። በአሮጌው ግን አግዳሚዎቹ ተቀራርበው ተደርድረዋል፣ ቡሎኖቹም እንጨቱንና አግዳሚውን አልፈው ከሥር በዳዶ ታስረዋል። ማንም በማያየው ቦታ የቡሎኖቹ ጫፍ እኩል ተቆርጦ፣ ሰው እንዳይቧጭር ተሞርዷል። ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

የቀኙ ቱቦ አፍንጫ ላይ አንድ ጥገና አለ፤ የሌላ በያጅ ሥራ ነው፣ መስመሩ ወፈር ይላል። ቢሆንም ጠጋኙ የለጠፈውን ላሜራ አራቱንም ጥግ ክብ አድርጎ ቆርጦታል። ስንጥቅ የሚነሣው ከሹል ጥግ መሆኑን ያውቅ ነበር።

አሮጌውን ገዛን። መቀመጫውን ባለቤቴ በመረጠችው ቀለም እናሰፋዋለን።