ጨካኙ ንጉሥና ታዛዦቹ፤ ዲዮቅልጥያኖስ በገድልና በሥዕል

ጨቋኝ ገዥ ከሞተ በኋላ ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ ይኸውም በትውልድ አፍ፣ በጸሐፊ ብዕርና በሠዓሊ ብሩሽ የሚኖረው ዕድሜ ነው። በዚህኛው ዕድሜው ራሱ ሊያዝበት አይችልም። ከጥንት የሮም ነገሥታት መካከል በአገራችን ይህን ረጅም ሁለተኛ ዕድሜ ያገኘው ኔሮን ወይም ካሊጉላ ሳይሆን ዲዮቅልጥያኖስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ገድላችንና ሥዕላችን ለዚህ ንጉሥ የሰጡትን መልክ መመርመር፣ ምን እንዳስተማሩንና ምን እንደሸሸጉብን ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ሰውየው ማን ነበር? ዲዮቅልጥያኖስ በዳልማቲያ ከተራ ቤተሰብ ተወልዶ በውትድርና ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ284 ሲነግሥ የሮም መንግሥት በግማሽ ምዕተ ዓመት የሥልጣን ሽኩቻ ተዳክሞ ነበር። እርሱም ሥልጣንን ለአራት ገዥዎች አከፋፈለ፤ የጠቅላይ ግዛቶችን ቁጥር ወደ እጥፍ ገደማ አሳደገ፤ ግብርን እንደ አዲስ አስተመነ፤ በ301 ከሺህ በላይ ለሆኑ ሸቀጦችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ ወስኖ ተላላፊው በሞት እንዲቀጣ አወጀ። በ303 ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ፤ በተከታታይ በወጡትም አዋጆች ካህናት እንዲታሰሩ፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ተደነገገ። በ305 በፈቃዱ ዙፋኑን ለቆ በስፕሊት ባሠራው ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። ስለሆነም ብዙዎች የአውሮፓ ታሪክ ጸሐፊዎች መንግሥትን ከውድቀት ያዳነ አደራጅ ሲሉት፣ የግብፅና የኢትዮጵያ ምእመናን ነፍሰ ገዳይ ይሉታል። አደራጁና ነፍሰ ገዳዩ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤ የሚያደርሱለት፣ ግብር የሚሰበስቡለት ሹማምንትም ናቸው መጻሕፍቱን ያቃጠሉለት።

ሕዝብ በዚህ ሰው ላይ የሰጠውን ፍርድ በዘመን አቆጣጠር ውስጥ እናገኘዋለን። ግብፃውያን ከነገሠበት ዓመት ጀምረው ይቆጥሩ ነበር። በ525 ዲዮናስዮስ የተባለ የሮም መነኩሴ ዘመንን በጨካኝ ስም መቁጠር አልወድም ብሎ ከክርስቶስ ልደት የሚጀምረውን አቆጣጠር አወጣ። ግብፃውያን ግን ቁጥሩን ሳይለውጡ ባለቤቱን ለወጡ፤ የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተባለውን ዓመተ ሰማዕታት አሉት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን ዛሬም ያውቁታል፤ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 276 ሲቀነስ ዓመተ ሰማዕታት ይገኛል። ስሙ ከራሱ ዘመን ላይ ተፍቆ የሟቾቹ ስም ተጻፈበት ማለት ነው።

በስም አወጣጥም እንዲሁ ሆነ። በአገራችን ልጁን ዲዮቅልጥያኖስ ብሎ የጠራ ንጉሥ የለም። በእርሱ ዘመን ተሠዉ ተብለው በስንክሳር የሚታሰቡትን የገላውዴዎስን፣ የሚናስን፣ የፋሲለደስንና የዮስጦስን ስም ግን ነገሥታቶቻችን ተሸክመውታል። ሆኖም የሰማዕት ስም ብቻውን ከጭካኔ አያድንም። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1638፣ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቅለዋል፤ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ሰማዕታት ትላቸዋለች። የተገደለውን ሰው ስም የያዘ ንጉሥ በተራው አስገዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ወደ ጥበቡ እንምጣ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ በጎፋ ገብርኤል፣ እንደ ሌሎቹም የገብርኤል አድባራት፣ ሐምሌ 19 ቀን የሚነገረው ታሪክ የኢየሉጣና የሦስት ዓመት ልጇ የቂርቆስ ነው። የሚዋሰነው ክፍለ ከተማም የሕፃኑን ስም ይዟል። እናትና ልጅ በሚፈላ የብረት ጋን ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ እሳቱን ያበርደዋል። ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው ግን ተአምሩ አይደለም፤ የውሃው ፍላት እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም እናት መፍራቷና ሕፃኑ እርሷን ማበርታቱ ነው። የገድሉ ደራሲ ፍርሃትን አልሸሸገም፤ ለተበዳዮቹ ሙሉ ሰውነት ሰጥቷቸዋል።

ለበዳዮቹ ግን ይህን ነፍጓል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲያየን፣ ክፉው በጎን ተስሎ በአንድ ዓይን ይቀራል። ይህ አሳሳል ላልተማረው ተመልካች ወገን ለይቶ በማሳየት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ጉድለቱ ክፉዎችን ሁሉ አንድ ማድረጉ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል ላይ ያለው ንጉሥ ዱድያኖስ ይባላል፤ ዱድያኖስንና ዲዮቅልጥያኖስን ቦታ ብናለዋውጣቸው ሥዕሉ አይናጋም። ስንክሳሩም ዲዮቅልጥያኖስን የንጉሥ ልጅ ወድዳ ያነገሠችው ግብፃዊ ፍየል ጠባቂ ያደርገዋል። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን አዋጁንም፣ ጸሐፊውንም፣ ግብር አስተማኙንም ከዓይናችን ያርቃል።

በቂርቆስ ታሪክ ጋኑን ያስጣደው ንጉሡ አይደለም፤ እለእስክንድሮስ የተባለው መኮንን ነው። ውሃ የቀዳ፣ እንጨት የፈለጠ፣ እሳት ያነደደ ሌላ ሰው ነበር። የታሪክ ምስክርነትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ያው የ303 አዋጅ በግብፅ ብዙ ደም ሲያፈስ፣ በምዕራብ የቆስጠንጢኖስ አባት ቁንስጣ በሚገዛው አገር በአብዛኛው ሕንፃ ከማፍረስ አላለፈም። በግብፅም ንጉሡ ከወረደ በኋላ ግድያው ለዓመታት ቀጥሏል። አንድ አዋጅ እንደ ፈጻሚው እጅ ሊከብድም ሊቀልም ይችላል ማለት ነው። ትእዛዝ ነው የሚለው ምክንያት በአራተኛው መቶ ዓመትም ቢሆን ሙሉ ምክንያት አልነበረም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ዘመን ወግ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የወረደውን እልቂት የምናስታውስበት፣ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው ቤት የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይባላል። ሰማዕት የሚለውን ጥንታዊ ቃል ወርሰናል፤ ከቃሉ ጋር ክፉውን በአንድ ዓይን የመሣል ልማድም አብሮ እንዳይወረስ ያሰጋል። ያ እልቂት የአንድ ሰው ሥራ ተደርጎ ከተነገረ፣ በየቀበሌው ስም የመዘገበው፣ በር ያንኳኳው፣ ቁልፍ የያዘው ሁሉ ከታሪክ ይሰወራል።

ስለዚህ ከጸሐፊ ተውኔቱ፣ ከሠዓሊውና ከመምህሩ የሚጠበቀው የአባቶችን ጥበብ መናቅ ሳይሆን የጎደለውን መሙላት ነው። ንጉሡን በዙፋኑ ከማሳየት ይልቅ አዋጁ በሚነበብበት አደባባይ የቆመውን መኮንን፣ ከእርሱም ዝቅ ብሎ እንጨት የሚፈልገውን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣሉልን። ተመልካቹ ራሱን በዚያ ፊት ውስጥ ሊያገኘው ይችላልና ሥዕሉ አስፈሪ ይሆናል፤ የሚያስተምረውም ስለዚህ ነው።

በስፕሊት የዲዮቅልጥያኖስ መቃብር የነበረው ሕንፃ ዛሬ ካቴድራል ነው፤ ከባለ መታሰቢያዎቹም አንዱ በዚያው ስደት የተገደለው ጳጳስ ዶምንዮስ ነው። ሕዝብ በመጨረሻ የገዳዩን ቤት ለተገዳዩ ሰጥቷል። ይህ ፍርድ ትክክለኛ ነው፤ የሚቀረው የመኮንኑንና የእንጨት ፈላጩን ስም መጠየቅ ነው።