ሮማኔ ኮንቲ

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ፣ ቮን ሮማኔ ከምትባል ትንሽ መንደር በላይ ባለው ተዳፋት ሮማኔ ኮንቲ የሚባል የወይን ማሳ አለ። ስፋቱ 1.8 ሄክታር ገደማ ነው፤ በኢትዮጵያ ገበሬ ልክ ሰባት ጥማድ ቢሆን ነው።

በመካከለኛው ዘመን ማሳው የሴን ቪቫን ገዳም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760 የኮንቲው ልዑል ሉዊ ፍራንሷ ደ ቡርቦን ገዛውና ወይኑን ለራሱ ማዕድ አደረገው። በፈረንሳይ አብዮት ተወርሶ ሲሸጥ የልዑሉ ልጅ ማሳውን አጣ፤ የኮንቲ ስም ግን መሬቱ ላይ ቀረ። በ1869 ዣክ ማሪ ዱቮ ብሎሼ ገዛው። በ1942 አንሪ ለርዋ ግማሽ ድርሻ ሲይዝ፣ ሌላው ግማሽ የዱቮ ብሎሼ ዘሮች ከሆኑት ከደ ቪሌን ቤተሰብ አልወጣም።

ከሁሉ የሚደነቀው የባለቤቶቹ እልኸኝነት ነው። ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የአውሮፓን ወይን ሲያወድም፣ አብዛኛው ገበሬ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ጀመረ። የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች ግን አፈሩን በኬሚካል እያከሙ ያልተዳቀለውን ነባር ተክል ለአሥርተ ዓመታት አቆዩት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ኬሚካሉ ጠፋ። የ1945 ምርት 600 ጠርሙስ ያህል ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ተክሉ ተነቀለ። አዲሱ እስኪደርስ ከ1946 እስከ 1951 በማሳው ስም አንድም ወይን አልወጣም። ችኮላ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን አያደርግም።

በ2018 ኒው ዮርክ ላይ ከ1945ቱ ምርት አንድ ጠርሙስ በ558,000 ዶላር ተሸጠ።