መሃል ላይ ያለው ሰርቨር

«ለአምስት ቅርንጫፍ የሚበቃ ርካሽ የሪሞት ፕሮግራም የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀኝ በቅርቡ ተመርቆ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ በአይቲ የተቀጠረ ወጣት ነው። መልሴን ሳይጠብቅ የራሱንም መፍትሔ ነገረኝ። ራውተሩ ላይ 3389 ፖርትን ከፍቶ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሪሞት ዴስክቶፕ ቢጠቀም አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ ሌላ ለምን ይፈልጋል?

ይህን ክርክር ከእሱ በፊትም ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬዋለሁ። የማይክሮሶፍትን ሪሞት ዴስክቶፕ ጠልቼ አይደለም። በደካማ መስመር ላይ እንደ እሱ የሚሠራ ጥቂት ነው፤ በቢሮ ውስጥ ሰርቨር ሳስተዳድር ዛሬም የምጠቀመው እሱን ነው። ፖርቱን ለዓለም ሁሉ ከፍቶ መተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን 3389ን የሚያንኳኩ፣ ፓስወርድ የሚሞክሩ ማሽኖች አሉ። የፖርቱን ቁጥር ብትቀይረው ጥቂት ያዘገያቸዋል እንጂ አያስቀራቸውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ያለ ምንም ፓስወርድ መግባት እንደሚቻል ታወቀ፤ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቆመለት ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ያወጣው ለዚያ ነው። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ከሚያዘወትሯቸው በሮች አንዱ ይኸው ክፍት ፖርት ነው። የአምስት ቅርንጫፍ የመድኃኒት መዝገብ በዚህ በር ላይ አይቀመጥም።

ሌላም አለ። ሆም የተባለው ዊንዶውስ በዚህ መንገድ የሚመጣ እንግዳ አይቀበልም፤ የቅርንጫፍ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ሆም ናቸው። ፕሮ ቢሆንም፣ አንተ ስትገባ እዚያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ስክሪን ይቆለፋል። ምን እንደምትሠራ አታይም። የእኛ ሥራ ግማሹ ማሳየት ነው፤ ሳታይ የተስተካከለላት ነገር በሳምንቱ ተመልሶ ይበላሽባታል፣ እንደገናም ትደውላለች።

አሁን ወደ ዋጋው። ታዋቂዎቹ፣ ቲምቪወርም ኤኒዴስክም፣ ነፃ የሚሆኑት ለግል ጥቅም ነው፤ ለድርጅት ክፍያ አላቸው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፕሮግራሙ ዋጋ በዶላር ምንም ሳይጨምር ለእኛ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። የማውቀው አንድ የሒሳብ ቢሮ የሚከፍልበት ካርድ አጥቶ ዘመድ ለዘመድ ሲጠያይቅ ከርሞ በመጨረሻ ቨርጂኒያ ያለች የባለቤቱ እህት ከፈለችለት። ሰው የቢሮውን ቁልፍ በየዓመቱ ከአሜሪካ እያስገዛ እንዴት ይኖራል? ነፃ የተባለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሎግሚኢን ለዓመታት በነፃ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አቁሞ ተጠቃሚውን ሁሉ ክፈል አለው።

ስለዚህ ወጣቱን ከዋጋው በፊት ስለ መሃሉ እንዲጠይቅ ነገርኩት።

ከከተማ ከተማ ሁለት ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት ስናገናኝ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በመሃላቸው ሦስተኛ አለ። ለምሳሌ ደሴ ያለ ቅርንጫፍ ከራውተር ጀርባ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ቢሮህም እንደዚያው። ሞባይል ኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ አንዱን አድራሻ ብዙ ደንበኛ ስለሚጋራው ማን ማንን በቀጥታ ይጠራል? ሁለቱም አስቀድመው ወደ አንድ የታወቀ ሰርቨር ይደውላሉ፣ እሱ ያስተዋውቃቸዋል። ከቻሉ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ካልቻሉ፣ እኔ በምሠራባቸው መስመሮች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይችሉም፣ የስክሪኑ ምስልና የምትጫነው ፊደል ሁሉ በዚያ ሰርቨር በኩል ያልፋል።

ሰርቨሩ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ፊደል ስትጫን ትእዛዙ ፍራንክፈርት ሄዶ ወደ ደሴ ይመለሳል፤ ፊደሉ መጻፉን የሚያሳየው ምስል ደግሞ ከደሴ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ይመጣል። አራት ጉዞ፣ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ሌላ መዘግየት ባይኖር እንኳ የሰከንድ አንድ አሥረኛው በመንገድ ብቻ አለቀ። መንገዱም ቀጥ ያለ አይደለም። ባሕር የለንምና መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወርዶ በባሕር ኬብል ይዞራል። ደሴ ግን በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ናት።

አንድ አሥረኛ ሰከንድ ወረቀት ላይ ኢምንት ነው። መስመሩ ሲጨናነቅ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ደረሰኝ የምታስገባ ሠራተኛ በደንብ ታውቀዋለች። ቁጥር ትጽፋለች፣ አይታይም። ያልገባ መስሏት ትደግመዋለች፤ 1,500 የነበረው 15,500 ሆኖ ይመዘገባል። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ሁሉም የሚጠራጠረው እሷን ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ግትር የሆንኩት እንዲህ ያለ እንባ በስልክ ሰምቼ ነው።

መፍትሔዬ መሃሉን የራስ ማድረግ ነው። ረስትዴስክ ክፍት ምንጭ ነው፤ ሰርቨሩን በነፃ አውርደህ ራስህ ቢሮ ትተክለዋለህ። ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፣ አንዱ ያስተዋውቃል፣ ሌላው ያስተላልፋል። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃቸዋል። የሚያስፈልገው ቋሚ አድራሻ ያለው አንድ መስመር፣ አንድ ዩፒኤስ፣ ከ21115 እስከ 21117 ያሉት ፖርቶች፣ 21116 ደግሞ በዩዲፒም ጭምር።

«ጋሼ፣ ፖርት አትክፈት ብለህ አሁን ክፈት ትላለህ?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ በሩ የሚያደርሰው ወዴት ነው የሚለው ላይ ነው። እዚህ ላይ ሌባ ቢያንኳኳ የሚያገኘው ማገናኛውን ነው፤ መዝገቡ እዚያ የለም። ቅርንጫፎቹ ራውተራቸው ላይ አንድም ነገር አይከፍቱም፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተርም የራሱ ፓስወርድ አለው። የሰርቨሩን ቁልፍ በየኮምፒውተሩ ማስገባት ግን ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ያልፈዋል። ሰርቨሩንም በየጊዜው ማደስ አለብህ። የራስህ ያደረግከው ነገር የራስህ ሥራ ይሆናል፤ ይህን ሳልነግር ለማንም አልመክርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኤኒዴስክ ሲስተሙ ውስጥ ሰርጎ ገብ መግባቱን አስታውቆ ደንበኞች ፓስወርድ እንዲቀይሩ መክሮ ነበር። ትልልቆቹም ይደፈራሉ፤ ብዙ ሰው የሚያልፍበት መሃል ሌባን ይስባል።

ስለ ፓኬጅ ደግሞ፦ የረስትዴስክ ሰሪዎች ለተራ የቢሮ ሥራ በሰከንድ 100 ኪሎባይት ያህል ይገምታሉ። በሰዓት 360 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው፤ ማገናኛው ያለበት መስመር ተቀብሎ ስለሚያስተላልፍ እጥፉን ይሸከማል። የዴስክቶፑን ፎቶ አጥፍተህ የምስሉን ጥራት ዝቅ ብታደርገው ብዙ ይቀንሳል።

ወጣቱ አሁንም አልረካም። «ታዲያ ቪፒኤን አይሻልም? ቴልስኬል አለ፣ ዋየርጋርድ አለ» አለ። ዋየርጋርድን እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ሊኑክስ ራሱ ውስጥ የገባ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። በቪፒኤን ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀም ባለሙያ ሳይ አልከራከርም። የምከራከረው ቪፒኤን ከተዘረጋ በኋላ ሰው የሚያደርገውን ስለማውቅ ነው፤ የፒችትሪን ፎልደር ሼር አድርጎ ከአዲስ አበባ ሆኖ የደሴውን ፋይል በቀጥታ ይከፍታል። ፕሮግራሙ የተሠራው በአንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ነው። ሒሳብ ፖስት እየተደረገ መስመሩ መሃል ላይ ሲቆረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ግን ዳታው ከቦታው አይነሳም፤ የሚጓዘው ምስሉና የምትጫነው ፊደል ብቻ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራው እዚያው ባለበት ቆሞ ይጠብቅሃል።

መርካቶ ያሉ አንድ ነጋዴ አባት ይህን ሁሉ ሳይማሩ ከእኛ ይልቅ ወደ ነገሩ ቀርበው አገኘኋቸው። ሰርቨሩን ስተክልላቸው «ልጄ፣ እኔ ሳላይ ማን ይገባል?» አሉኝ። ጠረጴዛቸው ሥር ያስቀመጥኳትን ሳጥን አሳይቼ «ይቺን ኬብል ይንቀሏት፣ ማንም አይገባም» አልኳቸው። ነቀሏት። የሐዋሳውን ሱቅ ለመክፈት ስሞክር እንዳልከፈተልኝ በዓይናቸው አዩ። መልሰው ሰኩና ቡና አስመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሌላ ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። ውጭ አገር ያለ የማንም ኩባንያ ሰርቨር ላይ ሆኜ ይህን ላሳያቸው አልችልም ነበር።

የሳቸው ጥያቄ የዚህ ሥራ ዋና ጥያቄ ይመስለኛል። ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ዴስክቶፑን ነው፤ የልጅ የምርቃት ፎቶ፣ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል፣ የካዕባ ፎቶ፣ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ 2» የተባሉ ፋይሎች። አንዳንዴ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ በግማሽ ተጽፎ ክፍት ተትቶ አገኛለሁ። አላነበውም፤ አስቀምጬ እዘጋዋለሁ፣ ለአለቃም አይነገርም። ቋሚ ፓስወርድ ቢኖረኝም ደውዬ «ልግባ?» ሳልል አልገባም። ሁለታችንም አንድ ስክሪን እያየን ስንሠራ «ማውሱን ልቀቅልኝ፣ እኔ ልሞክረው» የሚሉኝ ሠራተኞች አሉ፤ ያን ጊዜ እጄን አነሳለሁ፣ ደስም ይለኛል። አማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ በእኔ በኩል ያለውን የግዕዝ መጻፊያ አጠፋለሁ፤ ሁለቱም ከበሩ ፊደሉ እየተደራረበ ይበላሻል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ በእኔ ዝርዝር ውስጥ ከደሴው ኮምፒውተር ስም ጎን ያለው አረንጓዴ ነጥብ ግራጫ ሆነ። ያኔ የምጠቀመው ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ ነጥቡ ግን ያው ነው። ስልክም አይሠራም። የዚያ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ የት እንደደረሰች የሚያውቅ አጠገቤ አልነበረም። ዝርዝሩን ስከፍት ዓይኔ ቀድሞ እዚያ ይሄድ ነበር፤ ስሙን ከዝርዝሩ ማውጣት ይገባኝ ነበር፣ ባዶ ቦታ ይዟል፣ አላወጣሁትም። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ደወለች። ከመውጣቷ በፊት ኮምፒውተሩን ከቢሮ አንሥታ ዘመድ ቤት ደብቃው ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «አሁን ሰካሁት፣ ገብተህ እይልኝ፣ ዳታው አለ?» አለችኝ። ገባሁ። የጥቅምት ደረሰኞች እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በቦታቸው ነበሩ። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት፣ እኔም መናገር አቃተኝ፤ ሁለታችንም አንድ የሽያጭ ገጽ እያየን ብዙ ቆየን። ስለዚህ ሥራ ሰው ሲጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ ያ ጠዋት ነው።

ወጣቱ አሁን መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አግኝቶ ሊኑክስ ጭኖበታል። መጀመሪያ የሚያገናኘው የጅማውን ቅርንጫፍ እንዲሆን ነግሬዋለሁ፤ እዚያ ያለው ሞባይል ኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ በእሱ ላይ ከሠራ በሌሎቹ አያስቸግርም። ከጅማ ከመመለሱ በፊት የኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ያድርገው፣ ዊንዶውሱም እንቅልፍ እንዳይገባ፤ አለበለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ተልኮ ቁልፍ መጫን አለበት። ለሠራተኞቹም ረስትዴስክ የሚያሳየውን መለያ ቁጥር «ከባንክ ነን» ብሎ ለሚደውል ማንም ሰው እንዳይናገሩ ይንገራቸው። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛዋ አንድ ሙሉ ቀን እንደተለመደው ትሥራበትና ማታ ደረሰኞቹን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሯቸው። ቁጥር የሚደገም ከሆነ የምስሉን ጥራት ይቀንስ፤ ያም ካልረዳ ማገናኛው ወዳለበት መስመር ሄደን ማን እንደሚያጨናንቀው አብረን እንፈትሻለን።