ስለ አሮጌ መኪናና ስለ ነጂው ሙገሳ

«ፍኖተ ሰላም» በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማይቱ ይህን ስም ይዛ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ ተቀምጣለች። ነገር ግን ስም ብቻውን መንገደኛን አያደርስም። በገበያ ቀን በቆሎና በርበሬ እስከ አፉ ተጭኖ፣ ከጭነቱም በላይ ሰው ተደርድሮበት፣ በሩ በገመድ የታሰረ፣ መብራቱ አንድ ዓይና የሆነ መኪና በገጠሩ መንገድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የምንነቅፈው እርጅናውን አይደለም። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና በአገራችን ለብዙ ዘመን እህልና ሸቀጥ አመላልሷል፤ ጥንቃቄ ያገኘ አሮጌ መኪና ባለቤቱ ከናቀው አዲስ ይሻላል። ድኻም ያገኘውን ይነዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር እንዳይጎርፉ ከባድ ታክስ ጣለባቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሆኖም አዲስ ለመግዛት አቅም ላነሰው ሰው በእጁ ያለውን አሮጌ ይዞ ለመቆየት አንድ ምክንያት ሆነው። እንግዲህ ኃጢአቱ ብልሽቱን እያወቁ ሰው መጫን ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ሙገሳው ነው። «እገሌ እኮ ያለ ፍሬን ከቡሬ ነቀምት ይገባል!» ሲባል ወጣቶች በአድናቆት ያዳምጣሉ። ያ መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ በዘይቱ ውስጥ ውሃ ካለበት ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ አዋቂ ነጂ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ የሚወርደው ግን ሞተሩ የሚሰጠውን እርዳታ በገዛ እጁ ይጥላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ጎበዝ ማለት ቃሉን ማጉደፍ ነው። ጎበዝ የራሱን ነፍስ አሳልፎ ይሰጣል እንጂ በሰው ነፍስ አይወራረድም። ከጭነቱ በላይ ለተቀመጠችው ቅቤ ሻጭ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን ማን ነገራት? በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎም ቢሆን ምርመራው በወረቀት ብቻ ከተፈጸመ መኪናውን አያቆመውም። «እግዜር ያውቃል» የሚለውም ቃል ጸሎት ሲሆን መልካም ነው፤ ስንፍናን መሸፈኛ ሲሆን ግን ድፍረት ነው።

«ገንዘብ የለኝም» የሚል ባለንብረት ይኖራል። እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን ሸራ መለወጫ ያጣ ሰው መኪናው ሲገለበጥ መኪናውንም ያጣል፤ የሟቹን ነፍስ ደግሞ በምንም ዋጋ አይመልስም። ብልሽቱን በሽቦ አስሮ ለሚነሣውም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶቻችን መልስ ሰጥተውታል።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ረዳት ወይም ነጂ ወይም ባለ መኪና ትሆን ይሆናል። ጧት ከመነሣትህ በፊት ፍሬኑን ረግጠህ፣ ጎማውን ዞረህ፣ መብራቱን አብርተህ እይ። ተሳፋሪ ብትሆንም ነጂውን በትሕትና ጠይቀው፤ መልስ ካጣህ ውረድ። «ፈሪ» ቢሉህ ስድቡ ቀላል ነው፤ ማታ ከቤትህ ትገባለህ። ሙገሳህንም መኪናውን አቁሞ «ሳይሠራ አልሄድም» ለሚለው ነጂ አስቀምጥለት።