«የክረምት እንቁላል» ወይስ «ባጂ እንቁላል»?

የሥነ ሕይወት ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ቃሉ በትክክል ተተርጉሞ ፍቺው የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። ለዚህ አብነት የሚሆነን «የውኃ ቁንጫ» የሚባለው ደቂቅ እንስሳ፣ ይኸውም ዳፍንያ የሚጥለው እንቁላል ነው።

ውኃው ሙሉ፣ ምግቡ የተትረፈረፈ ሲሆን እንስቲቱ ያለ ወንድ ትራባለች፤ የሚፈለፈሉትም በአመዛኙ እንስት ናቸው። ኩሬው ሲጠብ ወይም ምግብ ሲያጥር ግን ወንዶች ይወለዳሉ፤ ስሪያም ይፈጸማል። ከስሪያው የሚገኘው እንቁላል በጠንካራ ልባስ ተሸፍኖ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድርቅንም ብርድንም ይችላል። ሮቲፈር በተባሉት ደቃቃን እንስሳት ዘንድም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አለ።

በ19ኛው መቶ ዓመት አውጉስት ቫይስማንን የመሰሉ የጀርመን ሊቃውንት ይህን ጠንካራ እንቁላል በአገራቸው የብርድና የበረዶ ወራት ስም ጠሩት። ስያሜው ቃል በቃል ሲመለስ «የክረምት እንቁላል» ይሆናል። ነገር ግን የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት እንጂ የውርጭ ወራት አይደለም።

ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው በመተማ ቆላ ነው። በዚያ ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በጋው ረዥምና ሐሩር ነው። ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው የጓንግ ወንዝ እንኳ በበጋ እጅግ ይቀንሳል፤ ጊዜያዊ ኩሬዎችማ ጨርሰው ይደርቃሉ። በእንዲህ ያለ ኩሬ ጠንካራው እንቁላል የሚያሳልፈው በጋን ነው፤ ክረምት የሚፈለፈልበት ወቅት ነው። ስለዚህ «የክረምት እንቁላል» የሚል መጽሐፍ የመተማን ተማሪ የሚያስተምረው በደጁ ከሚያየው ተቃራኒውን ነው። ተማሪውም ደረቁ ኩሬ በዝናብ ማግስት ሕይወት ሲሞላው፣ ጭቃው ፈጠረው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

«የስሪያ እንቁላል» ማለትም አያዋጣም፤ ጠንካራውን እንቁላል ያለ ስሪያ የሚጥሉ የዳፍንያ ዘሮች አሉና። «የሩካቤ እንቁላል» ማለት ደግሞ ለሰው የተለየውን ቃል ለእንስሳ መስጠት ነው።

መፍትሔው ከቋንቋው ውስጥ ይገኛል። አማርኛ ክረምትን ላሳለፈ «ከረመ»፣ በጋን ላሳለፈ «ባጀ» ይላል፤ «እንዴት ባጃችሁ» ሲባል የማይገባው የለም። እንግዲያውስ እንቁላሉ «ባጂ እንቁላል» ቢባል ስሙም ግብሩም ይገጥማሉ። በቀዝቃዛ አገር ብርድን እንደሚያሳልፍ ደግሞ በፍቺው ውስጥ ይገለጽ። ስያሜ የሚመዘነው ከባዕድ ቃል ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን፣ አንባቢውን ወደ ነገሩ በማድረሱ ነው።