ንስሩ የሌለበት ዓምድ

ሰርጂዮ ሚስቱንና ወላጆቹን ወደ ማያሚ ሸኝቶ ከኤርፖርት ሲመለስ አያለቅስም። እንደውም ቀለል ያለው ይመስላል። አፓርታማው ውስጥ ብቻውን ነው። ቁርሱን ይበላል፣ በረንዳው ላይ ይወጣል፣ እዚያ በተተከለው ቴሌስኮፕ ሃቫናን ይቃኛል። መዋኛ ገንዳ ዳር የሚሳሳሙ ጥንዶች ያያል፣ ባሕሩን ያያል። ከዚያ አንድ ሐውልት ጋ ይደርሳል። ዓምዶቹ ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ንስሩ ወርዷል።

ፊልሙ የቶማስ ጉቲዬሬዝ አሌአ «የኋላቀርነት ትዝታዎች» ነው። በ1968 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከኤድሙንዶ ዴስኖየስ ልብወለድ የተሠራ። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሳየው ያቺን የሐውልት ሾት ልብ አላልኳትም። አሁን ግን ፊልሙ በሙሉ እሷ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል።

ሐውልቱ ለ«ሜይን» የቆመ ነው። ሜይን የአሜሪካ የጦር መርከብ ነበረች። ፌብሩዋሪ 1898 ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ260 በላይ ሰዎች አለቁባት። ያን ጊዜ ኩባውያን ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ ነበሩ፤ ገጣሚያቸውና የነጻነት መሪያቸው ሆዜ ማርቲ ገና በ1895 ሜዳ ላይ ወድቋል። መርከቧ ከፈነዳች በኋላ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች፣ ስፔን በጥቂት ወራት ተሸነፈች፣ ዲሴምበር ላይ ፓሪስ ውስጥ ውል ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ስፔንና አሜሪካ ናቸው። እያረፈ ሠላሳ ዓመት ለተዋጋው ኩባዊ ግን ወንበር አልተዘጋጀለትም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም፤ ውጫሌን እናውቃለን። የአንቀጽ 17 የጣልያንኛ ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በጣልያን በኩል ነው ይል ነበር። በ1901 አሜሪካኖቹ ደሞ «የፕላት ማሻሻያ» የሚባለውን ድንጋጌ የኩባ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገቡ። ኩባ ነጻነቷን ይነካል የሚባል ውል ከሌላ አገር ጋር እንዳትዋዋል ይከለክላል፣ አሜሪካ ጣልቃ እንድትገባም መብት ይሰጣል። እኛ አድዋ ነበረን። ኩባውያን ግን ይሄን ካልተቀበላችሁ አገራችሁን የያዘው ጦር አይወጣም ተባሉ፤ ተቀበሉ። ጓንታናሞ የዚያ ውል ልጅ ናት። ማሻሻያው በ1934 ሲሰረዝ እንኳ ጓንታናሞ እዚያው ቀረች።

ንስሩ የወረደው በ1961፣ አብዮቱ ሥልጣን በያዘ በሁለት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ሲአይኤ ያሠለጠናቸው 1,400 ገደማ ስደተኛ ኩባውያን ፕላያ ኺሮን ላይ ወርደው በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፉ። ሰርጂዮ ይሄን ሁሉ ያውቃል። የተማረ ነው፣ አንባቢ ነው፣ ባዶው ዓምድ ላይ ለመቀለድም አይሰንፍም። ንስሩን ከሚያወርዱት መሀል ግን አልነበረም፤ ሊከላከልለትም አልወጣም። ባዶ ቦታውን በሌንስ አየ፣ ያችው ናት።

ፊልሙን ያሳየኋቸው የዕድሜ እኩዮቼ ብዙዎቹ «ሰርጂዮ እኮ እኛ ነን» አሉኝ። ገባኝ። እኛም ስልካችን ላይ ቁጭ ብለን አገር ስትነድ እናያለን፣ ብልጥ አስተያየት እንጽፋለን፣ ከማንም ወገን አይደለንም። ሰርጂዮ ደሞ መልከ መልካም ነው፣ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ በድምፁ ተረክ ሲመራን ደስ ይላል። ግን አሌአ ይሄንን ሰው የሰጠን እንድንወደው ብቻ አይመስለኝም። ማስረጃዎቹን በየቦታው ጥሎልናል። ሰርጂዮ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ቀን ሳታውቅ በቴፕ ቀድቶባታል፤ እሷ ከሄደች በኋላ እየደጋገመ ይሰማዋል። ኖኤሚ የምትባለው የቤት ሠራተኛው ስለ ጥምቀቷ ስትነግረው እርጥብ ልብስ ገላዋ ላይ ተጣብቆ በሐሳቡ ይስላል፤ በኋላ ፎቶውን ስታሳየው ከሳለው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። የሚያየውን ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ የጨረሰው እሱ ራሱ ነው። ቴሌስኮፑ ያቀርብለታል እንጂ አያስተካክልለትም።

በጣም የከበደኝ የኤሌና ነገር ነው። ተዋናይ መሆን የምትፈልግ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ሰርጂዮ መንገድ ላይ አግኝቷት ቤቱ ይወስዳታል፣ የሄደችውን ሚስቱን ልብስ ይሰጣታል፣ ሙዚየምና መጻሕፍት ቤት እያዞረ «ሊያሠለጥናት» ይሞክራል። ሳትለወጥለት ስትቀር ሰለቸችው፤ ለሱ ኋላቀርነት ማለት እሷ ሆነች። ቤተሰቦቿ ከሰሱት፣ ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው። በመጀመሪያው እይታዬ በነጻ ሲለቀቅ እፎይ ማለቴን አልደብቅም። በሦስተኛው ግን ያንን እፎይታ ያስገባብኝ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ተራኪው እሱ ነዋ! አንድ ሰው ስለ አገሩ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ አጠገቡ ላለችው ልጅ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ «ከበረንዳህ ውረድ» ብዬ ልፈርድበት ስነሳ አፌን የሚይዘኝ ነገር አለ። እኔ የመጣሁት ከወረዱት አገር ነው። በ1977 እና በ1978 አዲስ አበባ ውስጥ የወረደው ወጣት በቀይ ሽብር አስፋልት ላይ ተጥሎ አድሯል። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ የቀረ ሰው ልጅ ወልዶ አሳድጓል፤ ምናልባት እኔንም። በዚያው ወቅት ደሞ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች የሶማሊያን ጦር ለመመከት ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። ትግላችን ሐውልት ሥር ከኛዎቹ ጋር የሞቱት ኩባውያን ምስል አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን በዚያች ደሴት ተምረው አድገዋል፤ በየሰፈሩ «ኩባ የተማረ» ሐኪም ወይም መሐንዲስ የማያውቅ ማን አለ? ስለዚህ ኩባ ለብዙዎቻችን ባለውለታ ናት፣ ይሄን ማንም አይወስድባትም። ግን ያ ጦር ያጸናው መንግሥት ከተማ ውስጥ ልጆች ይገድል የነበረው መንግሥት ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ለሚያየው ሶማሌ ደሞ ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው። ፓሪስ ላይ ወንበር የተነፈገችው አገር ሰማንያ ዓመት ሳይሞላ በሌላ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ የውጭ ኃይል ሆና ገባች። በ1968 የተሠራ ፊልም ይሄን ሊያውቅ አይችልም፤ እኔ ግን ሳላስበው ማየት አልችልም።

ፊልሙ የሚያልቀው ኦክቶበር 1962 ላይ ነው። የሶቭየት ሚሳይሎች ደሴቲቱ ላይ ተተክለዋል፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዙሪያዋን ከቧል። ካስትሮ በቴሌቪዥን ይናገራል፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ መሣሪያ ይጓዛል፣ ሰርጂዮ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሌአ እልባቱን አያሳየንም። እልባቱን እኛ ከታሪክ እናውቀዋለን፦ ክሩስቾቭና ኬኔዲ ተጻጽፈው ተስማሙ፣ ካስትሮ ሚሳይሎቹ ሊነሱ መሆኑን የሰማው እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው። ፓሪስ እንደገና! እዚህ ጋ መሪውና በረንዳው ላይ ያለው ሰው ለአንድ አፍታ እኩል ተመልካች ይሆናሉ። ለኔ የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው፣ ያውም በመንግሥት የፊልም ተቋም ገንዘብ ተሠርቶ።

የሚጎድለው ነገርም አለ። አሌአ ሰርጂዮ በደንብ እንደማያይ ያውቃል፣ ሌላ ዓይን ግን አይሰጠንም። ኤሌና ቤቷ ስትገባ ምን ታስባለች? ኖኤሚስ? ጭፈራው ላይ የምናያቸው ጥቁር ኩባውያን ማን ማን ናቸው? የዚህን መልስ ያገኘሁት ሌላ ሰው ጋ ነው። ሣራ ጎሜዝ የምትባል ጥቁር ኩባዊት ዳይሬክተር «ዴ ሲዬርታ ማኔራ» የሚለውን ፊልሟን ሳትጨርስ በ1974 ሞተች፤ ከጨረሱላት ሰዎች አንዱ አሌአ ራሱ ነው። እዚያ በረንዳ የለም። መንደራቸው ፈርሶ አዲስ ሰፈር የገቡ ሰዎች፣ አንዲት አስተማሪ፣ ጓደኛውን ያጋልጥ አያጋልጥ የጨነቀው አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አሉ። ዶክመንታሪና ድራማ እየተቀላቀለ ነው የሚሄደው፤ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ምስሉም ሻካራ ነው። የአሌአን ካያችሁ በዚያው ሳምንት እሱን እዩት፤ እኔ በሁለቱ መሀል አምስት ዓመት ማስገባቴ ይቆጨኛል።