የተቈረሰው ድንጋይ፤ የሴንት አልባንስ ገዳም ጉልት ታሪክ እንደ ገና ሲመረመር

ከለንደን በስተሰሜን የምትገኘው የሴንት አልባንስ ከተማ የገዳም ጉልት ስለ ነበረችበት ዘመን የጻፉ ሊቃውንት፣ ከአበምኔቶቹ መካከል ሪቻርድ ዘዋሊንግፎርድን በጠሩ ቍጥር ብዕራቸው የሚቸኵለው ወደ ሰዓቱ ነው። ሰውዬው በእውነት ምስጋና ይገባዋል፤ ከቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ፣ በልጅነቱ አባቱን አጥቶ፣ በኦክስፎርድ ተምሮ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1327 ዓ.ም. ለአበምኔትነት ከተመረጠ በኋላ ለምጽ ሥጋውን እየበላው፣ የፀሓይንና የጨረቃን ጕዞ ግርዶሹንም ሳይቀር የሚያመለክት ሰዓት የነደፈ ሊቅ ነበርና። ነገር ግን ያው ሊቅ ያሠራው አንድ የወለል ንጣፍ አለ፤ ስለዚያ ጉልት ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ይህ ንጣፍ ሆኖ ሳለ እንደ ዋዛ መታለፉን አልቀበልም።

የከተማው ሰው እህሉን በገዳሙ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭና ከእህሉም ድርሻ እንዲተው ግዴታ ነበረበት፤ በቤቱ በእጅ ወፍጮ የሚፈጭም የአበምኔቱን መብት እንደ ደፈረ ይቈጠር ነበር። ሪቻርድ፣ ሕዝቡ በ1327 ተነሥቶ ያገኘውን የነጻነት ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲመልስ ባስገደደው ጊዜ፣ የእጅ ወፍጮዎቹን ከየቤቱ አስለቅሞ ድንጋዮቹን በገዳሙ መነጋገሪያ ክፍል ደጃፍ ላይ አስነጠፋቸው። ሰባብሮ ሊጥላቸው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሙግቱን የረታበትን ማስረጃ የገቢና የወጪው እግር እንዲረግጠው ፈቀደ።

የፈረንሳይ ታሪክ ጸሐፊው ማርክ ብሎክ በ1935 ባሳተመው ጥናት ይህን ታሪክ በሚገባው ክብር አንሥቶታል፤ ይሁን እንጂ የእርሱ ጥያቄ የውሃ ወፍጮ እንዴት ተስፋፋ የሚል ስለ ነበረ፣ ንጣፉ ከምስክሮቹ አንዱ ሆኖ ቀረ። እኔን የሚይዘኝ የዜና መዋዕል ጸሐፊው የቶማስ ዎልሲንግሃም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የዚያው ገዳም መነኵሴ የነበረው ይህ ሰው በ1381 በእንግሊዝ ገበሬዎች ዐመፅ የተነሡትን ዐመፀኞች ከልቡ ይጠላቸው ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በሰኔ የከተማው ሰዎች ወደ ገዳሙ ገብተው ድንጋዮቹን ከወለሉ ነቅለው እንዳወጡ፣ ሰባብረውም በሰንበት በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተባረከ ኅብስት እንደሚታደል ለእያንዳንዱ ስባሪ እንዳካፈሉ ጽፏል።

ይህን ተግባር ተራ ዘረፋ አድርገው የሚያነቡ ተቺዎች አንድ ቀላል ነገር አላስተዋሉም፤ የተሰበረ ወፍጮ አይፈጭም። ሕዝቡ የፈለገው የወፍጮውን ጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ሳይሰብር ወደ ቤቱ በወሰደው ነበር። ዱቄት ያወጣ የነበረው ድንጋይ ራሱ እንደ ኅብስት ተቈርሶ፣ ሃምሳ ዓመት የተረገጠው ፍርድ በእጅ ተዳሶ እንዲታወቅ ሆነ። የጠላት ብዕር በአንዲት “እንደ” ይህን ሁሉ ጠብቆ ማቈየቱ ያስደንቀኛል፤ ዎልሲንግሃም ከወዳጆቹ ይልቅ ለጠላቶቹ የታመነ ምስክር ነው ብል አላጋነንሁም።

የዚያን ጊዜው አበምኔት ቶማስ ደ ላ ሜር ነበር። ዐመፀኞቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነገሠው ንጉሥ ኦፋ ለከተማው ሰጥቶታል የሚሉትን፣ የፊደሎቹ ራስ አንዱ በወርቅ አንዱ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል የተባለለትን ጥንታዊ መጽሐፍ አምጣ ብለው አስጨነቁት። ያን መጽሐፍ ተረት ነው ብሎ መናቅ ለታሪክ ጸሐፊ አይበቃውም፤ በገዳሙ መዝገብ ሲረታ የኖረ ሕዝብ ከዚያ መዝገብ የሚልቅ መዝገብ ቢናፍቅ ምን ያስገርማል?

መሪያቸው ዊልያም ግሪንድኮብ ዐመፁ ከከሸፈ በኋላ ታስሮ፣ ዐመፀኞቹ ከገዳሙ የወሰዷቸውን ጽሑፎች እንዲያስመልስ በዋስ ወደ ከተማው በተለቀቀ ጊዜ፣ ራሱን ለማዳን አንድ ቃል መናገር ሲችል ወገኖቹን ጽኑ አላቸው። እርሱም በኋላ ተሰቀለ፤ የዐመፁ ሰባኪ ጆን ቦልም ሐምሌ 15 ቀን በዚያው ከተማ ተሰቀለ። ስለ ሪቻርድ ሰዓት የተጻፈውን ሁሉ በአድናቆት አንብቤአለሁ፤ ሆኖም የዚያን ጉልት ታሪክ ስጽፍ የማስቀድመው ስም የግሪንድኮብ ነው።

ገዳሙ በ1539 ተዘጋ፤ የአበምኔቱም ሰዓት ጠፋ። የከተማው ሰዎች ግን ከ1403 እስከ 1412 ባለው ጊዜ ከገበያው አጠገብ የራሳቸውን የሰዓት ግንብ አቁመው ነበርና፣ እርሱ እስከ ዛሬ አለ።